የጓሮ ዕፅዋት ለተናካሽ ነፍሳት መከላከያነት፦ ከካዛንቺስና ከቂርቆስ ግቢዎች የሚቀሰም ትምህርት

መግቢያ

የክረምቱ ዝናብ ጋብ ብሎ መስከረም ሲጠባ፣ በአዲስ አበባ መካከል በሚገኙት በካዛንቺስና በቂርቆስ ሰፈሮች ምሽቱ ከቢንቢ ድምፅ ጋር ይመጣል። ጓሮውን የሚኮተኩተው አባወራ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያጠናው ተማሪ፣ ደጃፍ ላይ ቡና የምታፈላው እመቤት ሁሉ ፀሐይ እንደ ጠለቀች እጅና እግራቸውን ማከክ ይጀምራሉ። ለዚህ ችግር የአገሩ ሰው ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቀው መላ አለው፤ ይኸውም በከሰል ፍም ላይ ጥንጁት፣ ወገርት ወይም የወይራ ቅጠል ጨምሮ ቤቱን ማጠን፣ በግቢውም ጥግ ጠጅ ሣር፣ አሪቲና ጤና አዳም መትከል ነው።

ይህ ልማድ ሁለት ዓይነት ተመልካች አለው። አንደኛው የአባቶች ዕውቀት ነውና ያለ ምርመራ ይወሰድ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከፋብሪካ ያልወጣ ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም ብሎ ይንቀዋል። ሁለቱም አቋሞች ተማሪውን ከምርምር መንገድ ያርቁታል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመረምራል። እነዚህ ዕፅዋት በእርግጥ ነፍሳትን ያባርራሉን? የሚያባርሩ ከሆነስ በምን ምክንያት ነው? በመጨረሻም፣ በአጠቃቀማቸው ረገድ ምን ዓይነት ጉዳት ሊደርስ ይችላል?

የሥፍራው ሁኔታ

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ» ማለትም ቤት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ቤቶች ነው። ቂርቆስ ደግሞ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራ ሰፈር ሲሆን፣ ዛሬ ክፍለ ከተማው በዚሁ ስም ይታወቃል።

የሁለቱም ሰፈሮች አሮጌ ግቢዎች አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው። ጣሪያቸው ቆርቆሮ በሆነ ቤቶች መካከል ጠባብ መሬት ትገኝ ነበር፤ በዚያችም መሬት ላይ ጎመን፣ ጌሾ፣ ዳማከሴ፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ጎን ለጎን ይበቅሉ ነበር። አንዲት እናት ልጇ ምች ሲመታው ዳማከሴ የምትቆርጠው፣ በዓል ሲደርስ አሪቲና ጠጅ ሣር የምታጭደው፣ ለጎረቤትም የምታካፍለው ከዚያችው ጥግ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ሰፊ ክፍል ሲፈርስ፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወሩ። ሰው ዕቃውን ይዞ ሲሄድ ሥር የሰደደ ተክል ግን በቀላሉ አይከተለውም። ስለሆነም የእነዚህ ዕፅዋት ዕውቀት ተመዝግቦና ተፈትሾ ለትምህርት መዋሉ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ አስቸኳይ ሆኗል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ሥፍራዎች በመሆኑ፣ በካዛንቺስ ጓሮ ሰውን የሚነክሰው ቢንቢ ብዙውን ጊዜ ኩሌክስ ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ዓይነቱ ቢንቢ በቆሻሻ ውሃ፣ በተደፈነ ቱቦና በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ጭምር ይራባል። ወባን የሚያስተላልፈው አኖፌሌስ ሌላ ወገን ነው። ይሁን እንጂ የከተማው ነዋሪ ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላ ስለሚወርድ፣ ስለ መከላከያ ማወቁ ለእርሱም የሕይወት ጉዳይ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተመዘገበው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለው ቢንቢ፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ መራባት የሚችል በመሆኑ ቢንቢን የገጠር ችግር ብቻ አድርጎ የሚመለከተውን አስተሳሰብ ለውጦታል።

ቢንቢ ሰውን የሚያገኝበት መንገድ

የሰውን ደም የምትመጠው ሴቷ ቢንቢ ብቻ ናት። ደሙን የምትፈልገው ለእንቁላሏ ማደጊያ የሚሆን ፕሮቲን ለማግኘት ሲሆን፣ ለዕለት ጉልበቷ ግን እንደ ወንዱ ሁሉ የአበባ ወለላ ይበቃታል። ሰውን ፈልጋ የምታገኘው በቅድሚያ ከትንፋሹ ጋር በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚያም እየቀረበች ስትመጣ የቆዳው ሽታ፣ የላቡ እርጥበትና የገላው ሙቀት ይመሯታል። ይህን ሁሉ የምትለየው በራሷ ላይ በሚገኙት አንቴናዎችና ሌሎች ጥቃቅን የስሜት ብልቶች አማካይነት ነው።

መዓዛማ ዕፅዋት የሚሠሩት በዚህ ላይ ጣልቃ በመግባት ነው። ቅጠላቸው ላይ በሚገኙ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ በቀላሉ የሚተን ዘይት ያጠራቅማሉ። ተክሉ ይህን ዘይት የሚያዘጋጀው ራሱን ቅጠል ከሚበሉ ተባዮች ለመከላከል ነው። ዘይቱ ወደ አየር ሲወጣ የቢንቢዋን የማሽተት ብልቶች ያውካል፤ እርሷም ወደ ሰው የሚመራትን ሽታ ለመለየት ትቸገራለች፣ ወይም ከሥፍራው ትሸሻለች።

ከዚህ አንድ አስፈላጊ ነገር መረዳት ይቻላል። ዘይቱ ከከረጢቱ የሚወጣው ቅጠሉ ሲታሽ፣ ሲሞቅ ወይም ሲቃጠል ነው። ስለዚህ ጠጅ ሣር በግቢ ውስጥ ቆሞ በመገኘቱ ብቻ ግቢው ከቢንቢ ነጻ ይሆናል ማለት አይቻልም። በኬንያ ሕያው የሆኑ ተክሎችን በዕቃ ተክሎ በሙከራ ጎጆ አጠገብ በማስቀመጥ በተደረገ ጥናት፣ እንደ ተክሉ ዓይነት የቢንቢው ቁጥር የቀነሰው ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከተፈተኑት አንዱ በአማርኛ የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና ነው። ይህ ተክል ግን በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት የወረረና ከብትን የሚመርዝ መጤ አረም ስለሆነ፣ ለቢንቢ ተብሎ መትከሉ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

በሰፊው የሚታወቁት ዕፅዋትና የምርመራው ውጤት

በአዲስ አበባ ገበያዎች ለማጠኛ ከሚሸጡት ውስጥ ጥንጁት፣ ወገርትና ቀበርቾ በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። ከጥንጁት የሚጤሰው ቅጠሉና ቀንበጡ ነው፤ ከወገርትና ከቀበርቾ ግን ሥራቸው ነው። ወይራ በበኩሉ ለወተት ዕቃ ማጠኛነት በየቤቱ የታወቀ ሲሆን፣ ጭሱ ቤትንም ለማጠን ያገለግላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እነዚህን አራት ዕፅዋት በልማዱ መሠረት በከሰል ላይ እያጤሱ፣ በአገሪቱ ዋና የወባ አስተላላፊ በሆነው አኖፌሌስ አራቢየንሲስ ላይ በቤተ ሙከራ ፈትነዋል። በውጤቱም ወገርት፣ ቀበርቾና ጥንጁት ከ90 በመቶ በላይ፣ ወይራ ደግሞ 80 በመቶ ገደማ የማባረር ኃይል አሳይተዋል። በቆቃ አካባቢ በመስክ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሶብላና የእርሱ ዘመድ የሆነ ሌላ መዓዛማ ተክል፣ እንዲሁም ቀይ ባሕር ዛፍና ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ባሕር ዛፍ ተፈትነው ነበር። ቅጠሉ በቀጥታ ሲቃጠልም ሆነ ሳይነድ በሙቀት ብቻ መዓዛው እንዲወጣ ሲደረግ፣ ቢንቢ ወደ ቤት መግባቱና መንከሱ ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል።

እነዚህ ውጤቶች የእናቶችን ልማድ መሠረት ያለው መሆኑን ያስረዳሉ። ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በቤተ ሙከራ ጠባብ ክፍል የተገኘ ውጤት ነፋስ በሚነፍስበት ጓሮ አይደገምም። እንዲሁም ጭሱ የሚያባርረው በሚጤስበት ሰዓት ነው፤ ፍሙ ሲጠፋና አየሩ ሲጠራ ቢንቢው ይመለሳል።

በቆዳ ላይ የሚቀቡ የዕፅዋት ዘይቶችም ዋና ድካም ይኸው ነው። ጠጅ ሣር ሲትራል የሚባል የሎሚ መዓዛ ያለው ንጥረ ነገር አለው፤ የቅርብ ዘመዱ ከሆነው ሣር ደግሞ ሲትሮኔላ የሚባለው ዘይት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በታተመ የንጽጽር ምርመራ፣ ዲት የተባለው ሰው ሠራሽ መከላከያ በ23.8 በመቶ መጠን ተቀብቶ ለ5 ሰዓት ያህል ሲከላከል፣ የሲትሮኔላ ቅባቶች በአማካይ ከ20 ደቂቃ አላለፉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መዓዛውን ወደ አፍንጫ የሚያደርሰው የመትነን ጠባይ ራሱ ዘይቱን ከቆዳ ቶሎ ያጠፋዋል። ከዚህ የተለየ ሆኖ የተገኘው ከሎሚ ባሕር ዛፍ ተጣርቶ የሚዘጋጀው ፒ.ኤም.ዲ. የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር በዝግታ ስለሚተን ለረዥም ሰዓት ይቆያል። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይቀባ ይመከራል።

ከልማድ ወደ ሳይንስ፦ ሁለት ምሳሌዎች

ዕፅዋትን ከልማድ አንሥቶ በምርምር ወደ ከፍተኛ አገልግሎት ማድረስ እንደሚቻል ሁለት ታሪኮች ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የእንዶድ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሰዎች በወንዝ ዳር ልብሳቸውን በእንዶድ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነውና፣ ያን ቀላል ትዝብት ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው ለዓመታት መረመሩት። በዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ በመንደሩ ሁሉ የታወቀ ሳሙና ነበር፤ አዲስ የነበረው «ቀንድ አውጣውን የገደለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የፓይሬትረም ታሪክ ነው። ይህ ነጭ ቅጠል ያለው አበባ በደረቀ ጊዜ ተፈጭቶ የነፍሳትን ነርቭ የሚመታ ዱቄት ይሆናል። ጃፓኖች በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ዱቄቱን ከሚጤስ ነገር ጋር አቡክተው፣ በኋላም እንደ እባብ ተጠቅልሎ ቀስ እያለ ሌሊቱን የሚነድ የቢንቢ ማጤሻ ሠሩ። የኬንያ ደጋማ መሬትም በ20ኛው ምዕተ ዓመት የዚህ አበባ ዋነኛ አቅራቢ ለመሆን በቅቶ ነበር። ኬሚስቶች የአበባውን መርዝ አወቃቀር ካወቁ በኋላ ተመሳሳዩን በፋብሪካ አዘጋጁ። ዛሬ በአልጋ አጎበር ላይ የሚነከረው መድኃኒት የዚሁ አበባ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳትና ጥንቃቄ

ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር ሁሉ አይጎዳም የሚለው አስተሳሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። ስለዚህ የሚከተሉት አራት ነጥቦች በተለይ ሊታወቁ ይገባል።

1ኛ/ ጭስ፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታና ቀለም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ ተኝተው ያሉ ሰዎችንም ሳይነቁ ሊገድል ይችላል። የጥንጁቱ መልካም መዓዛ ይህን መርዝ አያስቀረውም። ስለሆነም ማጠን የሚገባው መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት ሲሆን፣ ፍሙም ከመኝታ ሰዓት በፊት ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አስም ያለበት ሰውና ጨቅላ ሕፃን ባሉበት ቤት ጨርሶ ባይጤስ ይመረጣል።

2ኛ/ ቆዳ፦ ጤና አዳም በቡና ስኒ ውስጥ የተወደደ ቅጠል ቢሆንም፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን እንደ እሳት አቃጥሎ ውሃ የሚያስቋጥር ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ ልጆች በጓሮ ሲጫወቱ ለቢንቢ ተብሎ ጤና አዳም ሊታሽባቸው አይገባም። ያልተበረዘ የማንኛውም ተክል ዘይትም ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል።

3ኛ/ ስም፦ በኢትዮጵያ አንድ ተክል በተለያዩ አውራጃዎች ልዩ ልዩ ስም ሲኖረው፣ አንድ ስምም ለተለያዩ ተክሎች ይሰጣል። በስም ተመሳሳይነት ብቻ ያልታወቀ ቅጠል ማጤስ ወይም መቀባት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ለዚህ ዓይነቱ መለያ ሥራ ዋና መሠረት ነው።

4ኛ/ የተክሉ ህልውና፦ ቅጠሉ የሚቀጠፍ ተክል እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የሚቆፈር ግን ይሞታል። ቀበርቾ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ተክል ነው። ለገበያ የሚቀርበውም ሥሩ ከዱር እየተቆፈረ ስለሆነ፣ ካልተተካ የመጥፋት አደጋ ይጠብቀዋል። በመሆኑም ለጓሮ ከሥር ይልቅ በቅጠል የሚያገለግሉትን እንደ በሶብላና ጠጅ ሣር ያሉትን መምረጥ ብልኅነት ነው።

ችግሩን ከምንጩ ማድረቅ

ከዕፅዋቱ ሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን ውሃን መቆጣጠር ነው። ኩሌክስ ቢንቢ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 300 የሚደርሱ እንቁላሎችን እንደ ታንኳ አያይዛ በውሃ ላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ እጩ አድጎ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ በሞቃት ሥፍራ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከዚህ ይዘገያል። ከዚህ ስሌት እንደሚታየው፣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ የሚደፋ ውሃ ቢንቢ አያፈራም።

በከተማው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በርሜልና ሮቶ የማይቀር የቤት ዕቃ ነው። በርሜሉን በክዳን ወይም በስስ ጨርቅ አጥብቆ መሸፈን፣ በጓሮ የተጣለ ጎማና ቆርቆሮ ማስወገድ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቋጥረውን ውሃ መድፋት፣ የተደፈነ ቱቦ ማስከፈት፣ እነዚህ ሁሉ ምንም ወጪ የማይጠይቁ ወይም ጥቂት ብቻ የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢሠራው አይበቃም፤ ከጎረቤት በርሜል የወጣ ቢንቢ አጥር አያግደውምና።

ለመምህራንና ለትምህርት ቤቶች

ይህ ርእስ ለሳይንስ ትምህርት የተመቸ ነው፤ መሣሪያው ከግቢ ይገኛል፣ ውጤቱም ለቤተሰብ ይጠቅማል። መምህራን የሚከተሉትን ሦስት ሥራዎች ከተማሪዎች ጋር ሊያካሂዱ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የውሃ ሙከራ ነው። ሦስት እኩል ጣሳዎች ውሃ ተሞልተው በጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አንዱ በየሳምንቱ ይደፋና በአዲስ ውሃ ይተካል፤ ሁለተኛው በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ሦስተኛው እንዳለ ይተዋል። ተማሪዎች በየሁለት ቀኑ እጮቹን እየቆጠሩ በሠንጠረዥ ይመዘግባሉ። በሦስተኛው ጣሳ እጮቹ ሲያድጉ፣ ክንፍ ሳያወጡ በፊት ውሃው በደረቅ መሬት ላይ መደፋት አለበት።

ሁለተኛው የመትነን ሙከራ ነው። የታሸ የጠጅ ሣርና የበሶብላ ቅጠል በየወረቀቱ ላይ ይደረጋል። ተማሪዎችም ወዲያው፣ ከ15፣ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ እያሸተቱ የመዓዛውን ብርታት ከ0 እስከ 5 በሚደርስ ቁጥር ይገምታሉ። የተገኘው ውጤት በግራፍ ሲሳል፣ የዕፅዋት ቅባት ቶሎ ኃይሉን የሚያጣበት ምክንያት በዓይን ይታያል።

ሦስተኛው የመመዝገብ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አያቱን ወይም አንድ አረጋዊ ጎረቤት ጠይቆ የተክሉን ስም፣ የሚያገለግለውን ክፍልና የአጠቃቀሙን ዘዴ ይጽፋል። ከተቻለም ቅጠሉን በጋዜጣ መካከል አድርቆ ያያይዛል። ከካዛንቺስ ተነሥተው በሌላ ሰፈር የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች በዚህ ሥራ ልዩ ድርሻ አላቸው። አያቶቻቸው በቀድሞ ግቢያቸው ምን ምን ይተክሉ እንደ ነበር መጠየቅ የሚቻለው ዛሬ ነው፤ የተጠየቀውም በጽሑፍ ካልተቀመጠ ከጠያቂው ጋር ያልፋል።

ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት ለሦስቱ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። የተፈተኑት ዕፅዋት ቢንቢን ያባርራሉ፤ ነገር ግን ለአጭር ጊዜና በከፊል ነው። የሚያባርሩትም በቀላሉ በሚተን ዘይታቸው አማካይነት ስለሆነ፣ ታሽተው፣ ሞቀው ወይም ጤሰው ካልሆነ ብዙ አይረዱም። ጉዳታቸው ደግሞ በዋናነት ከአጠቃቀም ጉድለት የሚመጣ ነው፤ ይልቁንም በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ከቢንቢው ንክሻ ይልቅ ለሕይወት ያሰጋል።

ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት የሚሆነው በመጀመሪያ ውሃውን መድፋትና መክደን፣ ቀጥሎ ወደ ቆላ ለሚሄድ ሰው አጎበርና የተመሰከረለት ቅባት ማዘጋጀት፣ ዕፅዋቱን ደግሞ ለምሽቱ ጥቂት ሰዓት ረዳት አድርጎ መጠቀም ነው። ጓሮ የሌለው ቤተሰብም ቢሆን በጋራ መኖሪያ ቤት በረንዳ ላይ በአሮጌ ጣሳ በሶብላና ጠጅ ሣር መትከል ይችላል። ቅጠሉ ለሻይና ለወጥ ይሆናል፤ ምሽት ላይም ታሽቶ በአጠገብ ሲቀመጥ ጥቂት ዕፎይታ ይሰጣል። ጣሳው ሥር የሚቋጠረውን ውሃ ግን በየሳምንቱ መድፋት እንዳይረሳ ያስፈልጋል።